ወለሉን ለበዓል ብለው አይቀቡት



አንዲት እናት በላኩልኝ ደብዳቤ የቤታቸው የሲሚንቶ ሊሾ እየተፈረፈረ አቧራ እንደሚያወጣ፣ ለእንቁጣጣሽም ቀለም ሊያስቀቡት እንዳሰቡ ገልጸዋል። ቤቱ ውስጥ መዳህ የጀመረ ሕፃንና በከዘራ የሚሄዱ አማት ስላሉ ምን መጠንቀቅ እንዳለባቸው ጠይቀውኛል። ጥያቄው ሲያዩት የቀለም ይመስላል፤ ለእኔ ግን የጤና ነው።

መልሴን ከዋናው ልጀምር፦ ለእንቁጣጣሽ አይቀቡት፤ ለገና ያድርሱት።

ወለል እንደ ግድግዳ አይደለም፤ ከሥሩ መሬት አለ። ክረምቱን ሙሉ ዝናብ የጠጣ መሬት ጳጉሜን ስለገባች ብቻ አይደርቅም። ላዩ ደረቅ ቢመስልም እርጥበቱ ከሥር እየመጣ ቀለሙን ይገፋዋል። ቀለሙ ያብጣል፣ ቀጥሎም ይላላጣል። የተላጠውን ቅርፊት መጀመሪያ የሚያገኘው የሚድኸው ሕፃን ነው፤ ሕፃን ደግሞ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ይወስዳል። ሊድ ያለበት ቀለም የልጆችን አእምሮ ይጎዳል፤ ጉዳት የለውም የሚባል መጠንም አይታወቅም። በአገራችን በቀለም ውስጥ የሚኖረው ሊድ በሚሊዮን ከ90 እጅ እንዳይበልጥ በደንብ ተወስኗል። ስለዚህ ሲገዙ ቆርቆሮው ላይ የተጻፈውን ያንብቡ፤ ምንነቱ ያልተጻፈበትን አይውሰዱ።

መድረቁን ለማወቅ በየጎኑ ግማሽ ሜትር የሆነ ላስቲክ ወለሉ ላይ አንጥፈው ዳር ዳሩን በፕላስተር ያሽጉ። ከአንድ ቀንና ሌሊት በኋላ ይግለጡት። ላስቲኩ ሥር ላብ ካለ ወይም ሲሚንቶው ከጠቆረ ጊዜው ገና ነው። አዲስ የፈሰሰ ሲሚንቶ ከሆነ ደግሞ ቢያንስ 28 ቀን ይቆይ።

ቀጥሎ ጥቂት የውኃ ጠብታ ያድርጉበት። ውኃው ከሰረገ ቀለም ይይዛል። እንደ ዶቃ ከቆመ ግን የቆየ ሰም ወይም ቅባት አለበት፤ በሙቅ ውኃና በሳሙና ደጋግሞ መፈተግ ያስፈልጋል። የሚፈረፈረውን በብርጭቆ ወረቀት ሲያሹ ወለሉን አርጥበው፣ አፍና አፍንጫን ሸፍነው ይሁን። የሲሚንቶ ብናኝ ለሳንባ ጠላት ነው። ወለሉን በአሲድ እናጥበዋለን የሚሉ ሠራተኞች ካሉ፣ በረኪና በአጠገቡ እንዳይደርስ። ሁለቱ ሲቀላቀሉ የሚወጣው ጋዝ ሰው ይገድላል።

ለግድግዳ ከተገዛው ዘይት ቀለም የተረፈውን ወለል ላይ አያውሉት፤ ሲሚንቶ ውስጥ ያለው የኖራ ባሕርይ ያበላሸዋል። ለሲሚንቶ ወለል የተሠራ ቀለም ይጠይቁ። ሲሚንቶው ውስጥ ሰርጎ የሚያቀልመው ዓይነት ከተገኘ ደግሞ እንደ ቅርፊት አይላጥም። አንድ ጊዜ ወፍራም አድርጎ ከመለቅለቅ ሁለት ጊዜ ስስ አድርጎ መቀባት ይሻላል፤ በመካከሉ ቆርቆሮው ላይ የተጻፈውን ያህል ይጠብቁ።

ቀለሙ ሽታው እስኪጠፋ ሕፃኑ፣ ነፍሰ ጡር ካለች እርሷ፣ አስም ያለበትም ሰው ሌላ ቤት ይደሩ። መስኮትና በር ይከፈት። ከሁሉም በላይ ቤቱ በቲነር ሽታ ታፍኖ ሳለ ክብሪት አይጫር፤ የቡና ከሰልም አይቀጣጠል፤ ዕጣንም አይጨስ። የቲነር ትነት እሳት ይስባል። የበዓል ጥድፊያን የምፈራውም ለዚህ ነው፤ ጠዋት ተቀብቶ ከሰዓት በኋላ ቡና ይፈላል። ከደረቀ በኋላም ምድጃው ሸክላ ላይ ይቀመጥ፤ ፍም ቀለሙን ያቃጥላል።

አሁን ወደ አማትዎ ልምጣ። የሚያብረቀርቅ ወለል ውኃ ሲነካው ያንሸራትታል። በነርስነት ዘመኔ በአንድ መንሸራተት ዳሌያቸው ተሰብሮ የአልጋ ቁራኛ የሆኑ አረጋውያንን ብዙ አስታምሜያለሁ። ከስብራቱ በላይ የሚጎዳቸው መተኛቱ ነው፤ ጀርባ ይቆስላል፣ ሳንባም ይታመማል። ስለዚህ የመጨረሻው ቀለም ሳይደርቅ የተነፋ ደቃቅ አሸዋ ሳሳ ተደርጎ ይበተንበት፤ በተለይ በመታጠቢያ ቤትና በማድቤት በር። ላዩ ላይ ሰም አይጨመር። ደረጃ ካለ ጠርዙ በሌላ ደማቅ ቀለም ይቀባ፤ የደከመ ዓይን በቀላሉ ይለየዋል።

እስከዚያው ለዘመን መለወጫ ጎድጓዳውን በሲሚንቶ ያስደፍኑ፣ ወለሉን በደንብ ያጥቡ። ቄጠማውንም ይጎዝጉዙ፤ ግን አማትዎ ከአልጋቸው እስከ መጸዳጃ የሚሄዱበትን መንገድ ይተዉላቸው፤ እርጥብ ቄጠማም ያንሸራትታል። በኅዳር ላስቲኩን አንጥፈው ይሞክሩት። ደረቅ ሆኖ ካገኙት ያን ጊዜ ይቀቡት።