አንደኛ ምርጫውን ያገኘ ተማሪ ምን አገኘ?

የኢንጂነሪንግ ተማሪዎች የዲፓርትመንት ምደባ ይፋ በሆነ ቁጥር ከዩኒቨርሲቲዎቻችን የምንሰማው መልስ አንድ ነው፦ ምደባው የተከናወነው በተማሪው ምርጫና ውጤት መሠረት ነው። ቅሬታ ይዞ ሬጂስትራር በር ላይ ለሚቆመውም የሚነገረው ይኸው ነው። አብዛኛው ተማሪ የመጀመሪያ ምርጫውን ማግኘቱም እንደ ማረጋገጫ ይጨመርበታል። አባባሉ ሐሰት ነው አልልም። ለተማሪው ጥያቄ ግን መልስ አይሆንም፤ የአንድን ወጣት ቀሪ የትምህርት ዓመታትና የሥራ ዘመን የሚወስን ጉዳይ በዚህ መዘጋቱን ዝም ብሎ ማለፍ ይከብዳል።

«በምርጫና በውጤት» የሚለው ሁለት በጣም የተለያዩ አሠራሮችን ሊሸፍን ይችላል። በአንደኛው፣ ተማሪዎች በውጤታቸው ይደረደራሉ፤ ከላይ ያለው ተማሪ ፎርም ከአንደኛ ምርጫው ጀምሮ እየታየ ቦታ ያልሞላበት ዲፓርትመንት ይሰጠዋል፤ ከዚያ ወደ ተከታዩ ይኬዳል። በሁለተኛው፣ እያንዳንዱ ዲፓርትመንት መጀመሪያ የሚሞላው አንደኛ ባደረጉት ተማሪዎች ነው፤ ሁለተኛ ያደረጉት የሚታዩት ቦታ ከተረፈ ብቻ ነው። ሶፍትዌርን አንደኛ፣ ኤሌክትሪካልን ሁለተኛ፣ ሲቪልን ሦስተኛ አድርጋ የሞላች ተማሪ እናስብ። ሶፍትዌር በጥቂት ነጥብ አመለጣት። በመጀመሪያው አሠራር ከእሷ ያነሰ ውጤት ያለው ተማሪ በኤሌክትሪካል ሊቀድማት አይችልም። በሁለተኛው ግን የእሷ ተራ ሲደርስ ኤሌክትሪካልም ሲቪልም አንደኛ ባሏቸው ልጆች ተሞልተዋል፤ ከእነዚህ ውስጥ በውጤት የምትበልጣቸው አሉ፤ እሷ ግን ስሟን የምታገኘው ከፎርሙ መጨረሻ ላይ ቦታ ለመሙላት ያህል በጻፈችው ዲፓርትመንት ነው። ሁለቱም ምደባ በምርጫና በውጤት ተሠርቷል። የቦስተን ከተማ የሕዝብ ትምህርት ቤቶች ተማሪ ሲመድቡ የኖሩት በሁለተኛው ዓይነት ሥርዓት ነበር፤ ወላጆችን ስልት ወደ ማስላት ይገፋል፣ ስልቱን የማያውቀውን ቤተሰብ ይጎዳል ተብሎ እ.ኤ.አ. በ2005 እንዲቀር ተወሰነ።

የምደባ ማስታወቂያ ከሁለቱ የትኛውን እንደሚከተል በግልጽ ካልጻፈ፣ ተማሪው የከፋውን ገምቶ ለመሙላት ይገደዳል። ስለዚህ የአምናውን መቁረጫ ነጥብ ከሲኒየር ይጠይቃል፣ በቴሌግራም የሚዞረውን ወሬ ያመዛዝናል፣ ያስገባኛል ያለውን አንደኛ ብሎ ይጽፋል። ኤሌክትሪካል እየፈለገ፣ ቦታው እንዳያመልጠው ብሎ ኬሚካልን ያስቀድማል። ኬሚካል ሲደርሰው ግቢው «አንደኛ ምርጫውን ያገኘ» ብሎ ይቆጥረዋል። እንዲህ ከተሞሉ ፎርሞች የተደመረ ቁጥር ተማሪዎች ምን ያህል አስተካክለው እንደገመቱ ይነግረን ይሆናል፤ የፈለጉትን ማግኘታቸውን ግን አይነግረንም። ይህን ቁጥር እንደ መከራከሪያ ማቅረብ ሊቆም ይገባል።

ውጤት የሚባለውም ቀረብ ብሎ መታየት አለበት። በ2012 ዓ.ም. ፍሬሽማን የተባለው የመጀመሪያ ዓመት የጋራ ትምህርት ሲመለስ ከተያዙት ተስፋዎች አንዱ ተማሪው ዘርፉን ከመለየቱ በፊት እንዲበስል ነበር። በዚያ ዓመት የሚጠራቀመው ጂፒኤ ግን ከሒሳብና ከፊዚክስ ጎን የሎጂክን፣ የሳይኮሎጂን፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊን፣ የእንግሊዝኛን ውጤት ይደምራል። በኮርሶቹ ላይ ተቃውሞ የለኝም፤ አስተካክሎ የማያስብና የማይጽፍ መሐንዲስ አልመኝም። ነገር ግን በጂኦግራፊ ቢ ወይም ኤ ማግኘት ሜካኒካልንና ኤሌክትሪካልን የሚለይ ሚዛን ሲሆን ምክንያቱን የሚያስረዳ ሰው ያስፈልጋል። በዚሁ ዓመት ተማሪው የቅየሳ መሣሪያ ሳይነካ፣ ወርክሾፕ ገብቶ ብረት ሲቆረጥ ሳያይ ፎርሙን ሊሞላ ይችላል።

የቦታ እጥረት አለ የሚለው መቃወሚያ እውነት ነው። ላቦራቶሪ፣ መምህርና ዶርም በተማሪው ምኞት ልክ አይሰፋም፤ ሁሉም ሶፍትዌር ይግባ ማለትም አይቻልም። አገር የሚያስፈልጋትን ባለሙያ ማቀድ አለባት የሚለውም ክብደት አለው፤ በ2000ዎቹ መጀመሪያ የመጣው፣ 70 በመቶ ተማሪ ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶ ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ እንዲመደብ ያለው የ70/30 ፖሊሲ የተመሠረተው በዚሁ ሐሳብ ላይ ነበር። ሁለቱም ግን የኮታን መኖር ይደግፋሉ እንጂ የአሠራሩን መደበቅ አይደግፉም። በዚያ ዕድሜ ልጁ የሚፈልገውን አያውቅም የሚሉም አሉ። እንግዲያው ከመምረጡ በፊት ይነገረው። በ2014ቱ የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ እንደዚያ ባለ ወንፊት ያለፈ ተማሪ ደንቡን አንብቦ ለመረዳት አያንስም። ከ2015 ጀምሮ ደግሞ በመጨረሻው ዓመት የመውጫ ፈተና ይጠብቀዋል። ሳይፈልግ በተመደበበት ዘርፍ ብቻውን ተፈትኖ ቢወድቅ የመዳቢው ስም አይነሳም።

የአመዳደቡን ቅደም ተከተል፣ የየዲፓርትመንቱን የቦታ ብዛትና የአምናውን መቁረጫ ነጥብ ፎርሙ ከመሞላቱ በፊት መለጠፍ በጀት አይጠይቅም። ነገር ግን ተማሪው ሳይፈራ የልቡን መሙላት ከጀመረ ሌላ ዝርዝር አብሮ ይወጣል፦ ማንም አንደኛ ያላደረጋቸው ዲፓርትመንቶች። ለምን ተከፈቱ፣ ምሩቆቻቸውስ የት ደረሱ የሚለው ጥያቄ ይከተላል። የዛሬው ዝምታ ከዚህ ጥያቄ እየከለላቸው ይመስለኛል። ከሆነ፣ የተማሪዎች ቅሬታ ስለበዛ ብቻ ይሰበራል ብዬ ለመናገር አልደፍርም።