ዘበኛው ከሌባው ሲያብር

ባለፈው ዓመት በማስተምርበት ክፍል አንዲት ጐበዝ ተማሪ ነበረች። በየወሩ ሁለት ሦስት ቀን ትቀራለች፤ ስትመጣም ግንባሯን ጠረጴዛው ላይ አስደግፋ ትውላለች። «ሆዴን አሞኝ ነው፣ ጋሼ» ስትለኝ የሰነፍ ምክንያት መሰለኝና ከጠባይ ማርክ ቀነስሁባት። እናቷን ባስጠራ፣ «እኔም እንዲሁ ነበርሁ፤ ስትወልድ ይተዋታል» አሉኝ። ኋላ ግን ሐኪሞች በሆዷ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ከፍተው በመሣሪያ ቢመለከቱ ኢንዶሜትሪዮሲስ የተባለ በሽታ ሆኖ ተገኘ። እኔም በዕፍረት መጽሐፍ ገለጥሁ፤ አንባቢዎቼ ሆይ፣ ያገኘሁት እነሆ።

ማሕፀንን ከውስጥ የሚያለብሰው ስስ ሽፋን በወር አበባ ጊዜ ከደም ጋር ይወጣል። በዚህ በሽታ ግን ይህንኑ የሚመስል ሥጋ ከማሕፀን ውጭ፣ በእንቁላል ዕጢ፣ በሆድ ዕቃ ሽፋን፣ አንዳንዴም በአንጀትና በፊኛ ላይ ተተክሎ ይገኛል። አሜሪካዊው ሐኪም ጆን ሳምፕሰን እ.ኤ.አ. በ1927 እንዳስረዳው፣ ደሙ በከፊል በማሕፀን ቱቦዎች ወደ ኋላ ተመልሶ ሆድ ውስጥ ስለሚፈስስ ነው። ዳሩ ግን ይህ ወደ ኋላ መፍሰስ በአብዛኞቹ ሴቶች ላይ እንደሚደርስ ከዚያ ወዲህ ታወቀ። ታዲያ በሽታው የሚይዘው ከዐሥሩ አንዷን ያህል ብቻ የሆነው ስለ ምን ነው?

መልሱ በከፊል ያለው ከሰውነት ዘበኞች ዘንድ ነው። ማክሮፌጅ የሚባሉት ሕዋሳት ሥራቸው ያለ ቦታው የተገኘውን እየዋጡ ማጥራት ነው። እዚህ ግን በብዛት ይሰበሰባሉ እንጂ አያጸዱም። ይባስ ብለው ሳይቶካይን የተባሉ መልእክተኞችን ይልካሉ፤ እነዚህም ሌሎች ዘበኞችን ይጠራሉ፤ አዲስ የደም ሥርና ነርቭ ወደዚያ ሥጋ እንዲያድግ ይረዳሉ። ሌባ እንዲይዝ የተቀጠረ ዘበኛ ለሌባው ራት ሲያቀርብለት ማለት ነው!

ከዚህ የሚነሣው ብግነት ፕሮስታግላንዲን የሚባለውን ቅመም ያበዛል። እርሱም ሕመሙን ይቀሰቅሳል፤ ሥጋውም ራሱ ኤስትሮጅን እንዲሠራ ይገፋፋዋል፤ ኤስትሮጅኑ ሥጋውን ያሳድጋል፤ ያደገው ሥጋ ብግነቱን ያባብሳል። አይቡፕሮፌን አንዳንዷን የሚያስታግሳት የፕሮስታግላንዲንን መሠራት ስለሚያግድ ነው፤ የሆርሞን ሕክምናም የኤስትሮጅኑን ግፊት ያበርዳል። ፈጽሞ የሚያድን መድኃኒት ግን እስከ ዛሬ አልተገኘም። ዘበኛው አስቀድሞ ስቶ ይሁን ወይስ ሥጋው አስቶት፣ ሊቃውንቱ ገና ይከራከራሉ።

የወር አበባ ሕመም ሁሉ ይህ በሽታ አይደለም፤ ከትምህርት ገበታ የሚያስቀር ሕመም ግን ሐኪም ሊያየው ይገባል። የእናትየው «እኔም እንዲሁ ነበርሁ» ማለት፣ አሁን ሳስበው፣ ለምርመራ የሚረዳ ቃል ነበር፤ እናት ወይም እኅት በሽታው ካለባት ልጅቱን የመያዙ ዕድል ከፍ ይላልና። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ ሕመሙ ከጀመረ እስኪታወቅ ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 12 ዓመት ያልፋል። ከዚያ ውስጥ ስንቱን ወር እንደ እኔ ያለ አስተማሪ በቀይ እስክሪፕቶ ምልክት አድርጎበት ይሆን?

የቀነስሁትን ማርክ ለመመለስ ወደ መዝገብ ቤት ሄጄ ነበር። ጸሐፊው ቀና እንኳ ሳይል፣ «ዓመቱ ተዘግቷል» አለኝ።