ጨዋታ ሰውን ይገልጣልን?

በዛሬው ዘመን አንድ ነገር እንደ እውነት ተይዞ ሲነገር እንሰማለን። ይኸውም፦ «ያለ ድርሰት በቴሌቪዥን የሚደረግ የውድድር ጨዋታ የተዋናዩን እውነተኛ ጠባይ ይገልጣል፤ ቃሉን አስቀድሞ አላጠናምና ልቡ በአፉ ይወጣል» የሚል ነው። በሮቤና በጎባ ሻይ ቤቶችም እንደ «የቤተሰብ ጨዋታ» ያለው ሲታይ፥ ተመልካቹ «እገሌ ትሑት ነው፤ እገሊት ኩሩ ናት» እያለ ይፈርዳል። እኛ ግን ይህ የችኮላ ፍርድ ነው እንላለን።

ጨዋታ ጠባይን መግለጡን አንክድም። አባቶቻችን ቴሌቪዥን ሳይመጣ ያውቁት ነበር። በገና ጨዋታ ጌታ አይቆጣም የሚለው ብሂል በከንቱ አልተነገረም። በገና ሜዳ ጌታና አሽከር በአንድነት ሩሩን ሲያሳድዱ ማዕረግ ይቀራል፤ ጌታው በአሽከሩ ዱላ ቅልጥሙን ሲመታም ትዕግሥቱ በዚያች ሰዓት ይለካል። ፈረስ በሚወደድበት በባሌ ደጋም፥ በጉግስ ከፈረሱ የወደቀ ሰው ተነሥቶ ቢስቅ አንድ ነው፤ ፈረሱን ቢመታ ሌላ ነው። በቅኔ ቤትም መምህሩ በጓደኞቹ ፊት ቅኔውን ሲያርምበት፥ ደቀ መዝሙሩ ተግሣጽ መቀበሉን ወይም አለመቀበሉን ፊቱ ይናገራል።

የቴሌቪዥኑ ጨዋታ ግን ከዚህ በሁለት ነገር ይለያል። አንደኛ፥ ሳይዘጋጁ መመለስ ለተዋናይ ሙያው ነው። በመድረክ ለብዙ ዓመታት የሠለጠነ ሰው ቶሎ ቢመልስና ቢያሥቅ፥ የታየው የምላሱ ልምድ እንጂ የልቡ ቅንነት አይደለም። ሁለተኛ፥ በገና ሜዳ ያለው ሰው በሩጫው ተመልካቹን ይረሳል፤ በካሜራ ፊት የቆመው ግን አይረሳም። ደግሞም የተቀረጸው ተቆራርጦ ስለሚቀርብ፥ የምናየው ፊት አዘጋጁ የመረጠው ፊት ነው።

ምናልባት «ካሜራው ቀንና ሌሊት ባይለየውስ?» የሚል ይኖራል። በ2005 ዓ.ም. የተጀመረውን የቢግ ብራዘር አፍሪካን ውድድር እናስታውስ። ተወዳዳሪዎቹ በደቡብ አፍሪካ በቤት ውስጥ ተዘግተው፥ ለ91 ቀን ታዩ፤ ለአሸናፊውም 300 ሺህ የአሜሪካ ዶላር ተመድቦ ነበር። ከሀገራችን የሄዱም ነበሩ፤ በእነርሱም ላይ ብዙ ቍጣ ተነሣ። ሥራን መንቀፍ የማንኛውም ሰው መብት ነው። ነገር ግን ገንዘብ ከፊቱ ተሰቅሎ፥ በተመልካች ድምፅ እንዳይባረር እየሠጋ፥ ከወዳጅ ዘመድ ተለይቶ የሚኖር ሰው፥ በሰፈሩ የምናውቀው ያው ሰው ነውን? ከእነርሱ ጋር ማዕድ ያልቆረሰ ሁሉ ስለ ነፍሳቸው የተናገረው በምን ዕውቀቱ ነው?

ሰውን የሚገልጠው ሌላ ነው። በጎባ ገበያ በዱቤ የወሰደውን በቀኑ የሚከፍለው፥ በጎረቤቱ ኀዘን ሳይጠራ የሚደርሰው፥ ማንም ሳያየው ሚዛኑን የማያጐድለው፥ የእርሱ ጠባይ ታውቋል። ይህም በአንድ ማታ አይታይም፤ ዓመታትን ይፈልጋል።

እንግዲህ ጨዋታውን እንይ፥ እንሣቅም። ሥቀን ስንጨርስ ግን የዳኝነቱን ወንበር እንተው።