ደጋ ላይ የሚግል ቻርጀር፦ ለከላላና ለመካነ ሰላም አካባቢ ነዋሪዎች የቀረበ ማሳሰቢያ

ቻርጀራችሁን ገልብጣችሁ ተመልከቱት። ከቻይና በሚመጡ አንዳንድ ቻርጀሮችና አዳፕተሮች ጀርባ፣ ከደቃቁ ጽሑፍ መካከል፣ ትንሽ የተራራ ምልክትና 2000 የሚል ቁጥር አለ። ዕቃው የተፈተሸው ከ2,000 ሜትር ከፍታ በታች እንዲሠራ ነው ማለት ነው። መካነ ሰላም ያለችው 2,600 ሜትር ገደማ ላይ ነው። የከላላም ደጋ ከ2,000 ሜትር መስመር በላይ ነው። ምልክቱ የሚመለከተው እኛን ሆኖ ሳለ ልብ የሚለው ሰው ጥቂት ነው።

«አገራችን ብርድ ነው፣ ዕቃ አይግልም» ሲባል እንሰማለን። ብርዱ በእርግጥ ይረዳል። ሆኖም በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ስለሚሳሳ፣ ከዕቃው ላይ የሚያነሳው ሙቀት ያነሰ ነው፤ በሁለት ብረቶች መካከል ብልጭታ እንዳይዘል የመከላከል አቅሙም ይደክማል። ይህን ሁለተኛውን ብርድ አያካክሰውም።

ሙቀቱ ከዕቃው ለመውጣት ሌላም እንቅፋት አለው፤ ከኤሌክትሪክ የሚጠብቀን ፕላስቲክ ሙቀትንም አፍኖ ይይዛል። መዳብ ከተራ ፕላስቲክ 2,000 እጥፍ ገደማ የተሻለ ሙቀት ያስተላልፋል። የሶላርን ወይም የባትሪን ኃይል ለቤት ዕቃ እንዲሆን በሚለውጠው ኢንቨርተር ውስጥ በትራንዚስተሩና በአሉሚኒየም ማቀዝቀዣው መካከል የሚገባው ስስ ላስቲክ መሳይ ቁራጭ የተሠራው ለዚህ ችግር ነው። ብዙውን ጊዜ ሲሊኮን ሲሆን፣ የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ወይም የቦሮን ናይትራይድ ዱቄት ተደባልቆበታል። ዱቄቱ ኤሌክትሪክ ይከለክላል፣ ሙቀት ግን ያሻግራል። ድብልቁም ከተራው ፕላስቲክ ብዙ እጥፍ ይበልጣል።

ጠጋኞች ሆይ፣ ይህን ቁራጭ በጎማ ላስቲክ ወይም በፕላስተር አትተኩት። ኤሌክትሪኩን ቢከለክልም ሙቀቱን ያፍነዋል። ጨርሳችሁ ብትተዉት ደግሞ ማቀዝቀዣው ራሱ ኤሌክትሪክ ሊሸከም ይችላል፤ ሳጥኑ ብረት ከሆነ የነካውን ሰው ይይዘዋል። ዕቃው በተጠገነበት ቀን በደንብ መሥራቱ አያታልላችሁ። የፕላስቲክ ልባስ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ገደማ እንደሚያጥር በሙያው የታወቀ ነው፤ ጉዳቱ የሚታየው ከወራት በኋላ፣ ምናልባትም ሌሊት፣ ቤተሰብ በተኛበት ሰዓት ነው።

እናቶችና አባቶች፣ የሚሞላ ስልክ ትራስ ሥር ወይም ጋቢ ውስጥ አይደር። ኢንቨርተሩን ከአቧራ ለመጠበቅ ብላችሁ በላስቲክ አትሸፍኑት። ጭድና ጆንያ ከአጠገቡ ይራቅ። ቻርጀሩ እጅ የማያስይዝ ከሆነ ወይም የተቃጠለ ፕላስቲክ ከሸተተ፣ ከዚያ በኋላ አትጠቀሙበት።

አሁን ደግሞ ወደ ኃላፊዎች ልዙር። የከፍታው ጉዳይ ችላ የተባለው በክፋት እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ በጨረታ ሰነድ ላይ ዋትና ዋጋ ይጻፋል፣ ከፍታ ግን ይረሳል። ለጤና ጣቢያ የሚገዛ ሶላር ኢንቨርተር ግሎ ሲቆም ከእርሱ ጋር የክትባት ማቀዝቀዣውም ሊቆም ይችላል። ስለዚህ ግዥ ፈጻሚዎች «በ3,000 ሜትር ከፍታ ሊሸከም የሚችለው ጭነት» የሚል መስፈርት አስገቡና አቅራቢውን የአምራቹን ሰነድ ጠይቁት። የወረዳ ንግድ ጽሕፈት ቤቶች በገበያ ቀን የቻርጀሮቹን ጀርባ አገላብጡ። የንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴርና የኢትዮጵያ ደረጃዎች ኢንስቲትዩትም፣ ዋና ከተማችን አዲስ አበባ ራሷ ከ2,300 ሜትር በላይ መሆኗን አስታውሳችሁ፣ ያ ምልክት ያለበት ዕቃ በአማርኛ የተጻፈ ማስጠንቀቂያ ሳይለጠፍበት ወደ ደጋው እንዳይላክ አድርጉ።