የሌሊት ተጓዦችም ይቆጠሩ

በእንግሊዝ የፍጥነት መንገዶች ላይ ሥራ የሚጀመረው ሰው ወደ መኝታው ሲያመራ ነው። ማታ 3 ወይም 4 ሰዓት ሲሆን ቢጫ መብራቱን የሚያብለጨልጭ የጭነት መኪና በዝግታ ይመጣል። ከኋላው ያለው ሠራተኛ ኮኖቹን አንድ በአንድ እያነሳ አስፋልቱ ላይ ይደረድራል፤ ከጎኑ ባለው መስመር መኪናው ሁሉ እየተምዘገዘገ ያልፋል። ሊነጋጋ ሲል ያው ሠራተኛ ተመልሶ ኮኖቹን ይለቅማል፣ መንገዱም ይከፈታል። ለንደንና አካባቢዋ ለቁርስ ሲነሱ ሌሊቱን ምን እንደተሠራ የሚያውቅ የለም።

ሌሊት የተመረጠው የሚያልፈው ሰው ጥቂት ስለሆነ ነው። ይህን አልቃወምም፤ ቀን ላይ ቢዘጋ ከተማው መላወሻ ያጣል። እኔን የሚቆረቁረኝ ጥቂት ናቸው ከተባለ በኋላ የሚመጣው ቸልታ ነው። ጥቂት ቢሆኑም ሰኞም፣ ማክሰኞም፣ ረቡዕም የሚያልፉት ያው እነሱ ናቸው። የቀን አሽከርካሪ መንገድ የሚዘጋበት አልፎ አልፎ ነው። የጽዳት ሠራተኛዋ፣ የአውሮፕላን ማረፊያው ዕቃ ጫኝ፣ የሌሊት ነርሷና የታክሲ ሹፌሩ ግን የወራትና የዓመታት ሥራን ጣጣ በየሌሊቱ ይሸከማሉ። ከእነሱ መካከል ደግሞ የአገራችን ልጆች ብዙ ናቸው።

ሥራው ራሱ ነፍስ የሚያድን ነው። እንግሊዝ በ2006 በርሚንግሃም አጠገብ በሚገኘው ኤም42 ላይ መጨናነቅ ሲበዛ የመንገዱን ትከሻ ለመኪና መክፈት ጀመረች። ቆይቶም ትከሻቸው ጨርሶ የቀረ፣ በሁሉም መስመር መኪና የሚነዳባቸው መንገዶች መጡ። ስማርት ሞተርዌይ በሚባሉት በእነዚህ መንገዶች ላይ መኪና ቢበላሽና ሹፌሩ የአደጋ ጊዜ ማቆሚያው ላይ መድረስ ቢያቅተው፣ የሚጠብቀው ቴክኖሎጂው ነው፦ የቆመን መኪና የሚለይ ራዳር፣ መስመሩ መዘጋቱን በቀይ ኤክስ የሚያሳይ ሰሌዳ፣ ካሜራ፣ የመኪናውን ብዛትና ፍጥነት እንዲለካ አስፋልት ውስጥ የተቀበረ ሽቦ። በ2019 ሼፊልድ አጠገብ በኤም1 ላይ ሁለት አሽከርካሪዎች መጠነኛ ግጭት ደርሶባቸው ከመኪናቸው እንደወረዱ በከባድ መኪና ተገጭተው ሞቱ። ትከሻ አልነበረም፤ ራዳሩም በዚያ ቦታ ገና አልተተከለም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሩጫ ሆነ። በ2022 ራዳሩ ትከሻ በሌላቸው መንገዶች ላይ ተተከለ። በ2023 መንግሥት አዲስ ስማርት ሞተርዌይ አይሠራም ብሎ ወሰነ፤ በነባሮቹ ላይ ግን በ390 ሚሊዮን ፓውንድ ከ150 በላይ ተጨማሪ የአደጋ ጊዜ ማቆሚያዎች እንዲሠሩ ቀድሞ ተመድቦ ነበር። ራዳሩ ይተከል፣ ማቆሚያው ይብዛ ብለን ስንጠይቅ የከረምን ሰዎች መንገድ በተዘጋ ቁጥር ልናማርር አይገባም። ሰሌዳና ካሜራ የሚሸከመውን ጋንትሪ፣ ያንን መንገዱን ከዳር እስከ ዳር ተሻግሮ የሚቆም ግዙፍ ብረት፣ በሚነዳ ሰው አናት ላይ በክሬን ማንጠልጠል አይቻልም። መዝጋት ግድ ነው።

መንገዱን የሚዘጉት ሰዎች አዘጋጉን የሚያውቁበት ጊዜ እንዳለ በ2024 አይተናል። ኤም25 ለንደንን ዙሪያዋን የሚከብ 188 ኪሎ ሜትር መንገድ ነው። በዚያ ዓመት ማርች 15፣ ዓርብ ማታ በ3 ሰዓት፣ በሰሪ አውራጃ ከጃንክሽን 10 እስከ 11 ያለው ክፍል አንድ ድልድይ ለማፍረስና አንድ ትልቅ ጋንትሪ ለመትከል በሁለቱም አቅጣጫ ተዘጋ። መንገዱ በ1986 ተሠርቶ ከተከፈተ ወዲህ ቀኑን ጭምር በዕቅድ ሲዘጋ ያ የመጀመሪያው ነበር። ቅዳሜና እሑድ ቀን ላይ በእያንዳንዱ አቅጣጫ በሰዓት ከ4,000 እስከ 6,000 መኪና ያልፍበታል። ተለዋጩ መንገድ 18 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር፤ በኤ3 ወጥቶ በባይፍሊትና በዎኪንግ በኩል ይዞር ነበር። የመንገዶቹ ባለሥልጣን ናሽናል ሃይዌይስ ሳምንታት ቀድሞ፣ ግድ ካልሆነባችሁ አትውጡ፣ ወደ ሂትሮና ጋትዊክ አውሮፕላን ማረፊያዎች የምትሄዱ ሰዓት ጨምሩ፣ ጂፒኤሱን ሳይሆን ቢጫውን ምልክት ተከተሉ ሲል ለፈፈ። የጂፒኤሱ አቋራጭ የለንደን የብክለት ክፍያ ዞን ውስጥ ሊያስገባና 12.50 ፓውንድ ሊያስከፍል ይችል ነበር።

የተፈራው መጨናነቅ አልደረሰም። መንገዱም ከቀጠሮው ቀድሞ ተከፈተ። ያን ጊዜ ብዙ ሰው፣ ከመጀመሪያውም በከንቱ ነው ያስፈራሩን አለ። እኔ በዚህ አልስማማም። መንገዱ ጭር ያለው ሰው ሰምቶ ስለቀረ ነው። ማስጠንቀቂያ ከሠራ በኋላ ያልተፈለገ ይመስላል፤ በዚህ የተነሳ ለቀጣዩ ጊዜ ማስታወቂያ የሚመደበው ገንዘብ ቢቀነስ ጉዳቱ የሁላችንም ነው። መዘጋቱ በሜይና በጁላይም ስለተደጋገመ ነገሩ ቀልድ አልነበረም።

ይህን ስል የባይፍሊት ነዋሪዎችን አልዘነጋሁም። ከኤም25 የተባረረው ከባድ መኪና ሁሉ በደጃቸው ነበር የሚያልፈው። እዚያው ጃንክሽን 10 አጠገብ ያለው የዊዝሊ የዕፅዋት ሥፍራም በሥራው ምክንያት ጎብኚ ቀንሶብኛል ብሎ በአደባባይ አቤት ብሏል። እነዚህ ግን ቢያንስ አቤት የሚሉበት አንደበት አላቸው፤ ምክር ቤት አላቸው፣ የፓርላማ ተመራጭ አላቸው፣ ጋዜጣ ይጽፍላቸዋል። የሌሊት ሠራተኛው ይህ ሁሉ የለውም።

ስላው የሚኖሩ፣ እኔም ብዙዎችም እትዬ እያልን የምንጠራቸው እናት አሉ። ኤም4ን ይዘው ወደ ሂትሮ ለጽዳት ሥራ ይሄዳሉ፤ የሚገቡት ሌሊት 10 ሰዓት ነው። ከሄይስ እስከ ቲል ያለው የኤም4 ክፍል፣ 51 ኪሎ ሜትር፣ ከ2018 እስከ 2022 መጨረሻ ድረስ ወደ ስማርት ሞተርዌይ ሲለወጥ ሌሊት ሌሊት ይዘጋ ነበር። አንድ ቀን እትዬ ሁለት የሥራ ባልደረቦቻቸውን አሳፍረው መግቢያው ላይ ሲደርሱ ኮን ተደርድሮበታል። ዞረው፣ መንገድ ጠፍቷቸው፣ ሥራ ቦታ ሲደርሱ ረፍዶባቸዋል። አለቃው ምክንያታቸውን አልሰማም፤ መንገዱ እንደሚዘጋ ቀድሞ ተለጥፏል ብሎ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፈባቸው። ማስታወቂያው እውነትም መንገዱ ዳር ነበረ፤ የሚለው ግን “ሰኞ ማታ” ነው።

“ልጄ፣ ሰኞ ማታማ ተኝቼ ነበር” አሉኝ። “እኔ የወጣሁት ማክሰኞ ነው።”

ቀጠሉና፣ “ሰው በሌለበት ሰዓት ነው የምንሠራው ይላሉ። እኛስ ምንድን ነን?” ሲሉ ጠየቁኝ።

መልስ አልነበረኝም። ከዚያ ወዲህ ግን መንገድ ሲዘጋ ባለድርሻ አካላት የሚባሉት እነማን እንደሆኑ ልብ ብዬ እመለከታለሁ። ፖሊስ፣ አምቡላንስ፣ እሳት አደጋ፣ የአካባቢ ምክር ቤቶች፣ የጭነት ድርጅቶች፣ አውሮፕላን ማረፊያው፤ ሁሉም በጊዜ ሊነገራቸው የሚገባ ናቸው። ነገር ግን ለአውሮፕላን ማረፊያው ተነገረ ማለት ጽዳቱን በኮንትራት ለያዘው ድርጅት ተነገረ ማለት አይደለም፤ ለእሱ ተነገረ ማለትም እትዬ ሰሙ ማለት አይደለም። ወሬው ቢሮ ለቢሮ ሲተላለፍ ቆይቶ መጥረጊያ የያዘው ሰው ዘንድ ሳይደርስ ይቀራል።

ይህን ለማስተካከል አዲስ ቴክኖሎጂ አያስፈልግም። ተቋራጩ መንገዱን ከመዝጋቱ በፊት በዙሪያው ሌሊት የሚያሠሩትን ድርጅቶች፣ ንዑስ ተቋራጮችን ጨምሮ፣ መዝግቦ ይያዝ። ማስታወቂያውንም በፈረቃ ይጻፍ፦ ማክሰኞ ሌሊት 10 ሰዓት የምትገቡ በዚህ መግቢያ አታልፉም ይበል። ነፋስ በርትቶ ክሬን መሥራት ሲያቅተው መዘጋቱ ይሰረዛል፤ ያኔ መሰረዙም እንደ መዘጋቱ ሁሉ በስልክ መልእክት ይነገር። በከንቱ አንድ ሰዓት ቀድሞ የተነሳ ሰው ሁለተኛውን ማስታወቂያ አያምንም፤ እንቅልፍ ደግሞ ለሌሊት ሠራተኛ ከደሞዝ ቀጥሎ ያለ ሀብት ነው። መስመር ተዘግቶ ሠራተኛ የማይታይበት ጊዜም አለ፤ ለምሳሌ መሣሪያው ተተክሎ ሲፈተሽና ሲለካ። ይህንንም አንድ ሰሌዳ ላይ ጽፎ መግለጽ ከብዙ እርግማን ያድናል።

እንግሊዞች ያበጁት አንድ ነገር ግን እጅግ ደስ ይለኛል። ሞተርዌይ በድንገት ሲዘጋ የሚያገለግሉት ተለዋጭ መንገዶች በብዙ ቦታ ቢጫ መደብ ላይ ባለ ጥቁር ቅርጽ አስቀድሞ ምልክት ተደርጎባቸዋል፦ ካሬ፣ ሦስት ማዕዘን፣ ክብ ወይም ዳይመንድ። መውጫው ላይ ሦስት ማዕዘኑን ተከተል ከተባልክ፣ በየማዞሪያው ያንን ሦስት ማዕዘን እያየህ መልሶ ሞተርዌዩ ላይ እስኪያወጣህ መንዳት ነው። እንግሊዝኛ የማያነብ ሰው እንኳ አይጠፋበትም። እትዬ ስለዚህ ምልክት ያወቁት ደብዳቤው ከተጻፈባቸው በኋላ ነው፤ ከእኛ ሰው ሹፌሮች መካከልም ማንም ያልነገራቸው አሉ። የለንደን ማኅበረሰብ ማኅበሮቻችን፣ አብያተ ክርስቲያናትና መስጊዶች ይህን በአማርኛ አንድ ገጽ ላይ አትመው ቢያድሉ ወጪው ኢምንት ነው። ለተቋራጩ የሕዝብ ግንኙነት ክፍልም ደብዳቤ ጽፈው፣ የመዝጊያ መርሐ ግብሩ በቀጥታ እንዲደርሳቸው መጠየቅ ይችላሉ።

አሠሪዎችም አንድ ነገር ይጠበቅባቸዋል። የትኛው መግቢያ በየትኛው ቀንና ሰዓት እንደተዘጋ በይፋ የተነገረ ነገር ነው። ሠራተኛው መንገድ ተዘጋብኝ ሲል ሰዓቱን አመሳክሮ ማጣራት የጥቂት ደቂቃ ሥራ ስለሆነ፣ ደብዳቤ ከመጻፉ በፊት ይደረግ። የእትዬ ደብዳቤም ከማኅደራቸው ይውጣ።