አባት ዋስ እንጂ ከፋይ አይደለም

ዕቁብ የገባ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር አለ። ሰው የሚፈተነው ዕጣውን ሲጠብቅ ሳይሆን ዕጣው ከደረሰው በኋላ ነው። ያልደረሰው አባል ተስፋ ስላለው ሳይጠሩት ይመጣል። ቀድሞ የበላው ግን ገንዘቡን ከጨረሰ በኋላም ለሌሎቹ ሲከፍል መክረም አለበት። ወለድ የለበትም፤ የሚያስከፍለው ቃሉ ነው። ብዙ ዕቁቦች ላይ ዳኛው ገንዘቡን ከማስረከቡ በፊት "ዋስ ጥራ" የሚለውም ለዚህ ነው።

እኔም የልጅ አስተዳደግ ሲያስቸግረኝ ይህን የዋስ ነገር አስባለሁ።

ባለፈው ዓመት የሰፈራችን ልጆች 6 ሆነው በሳምንት 100 ብር የሚጣልበት ዕቁብ ጀመሩ። ዳኛቸው የጎረቤታችን የ14 ዓመት ልጅ ናት። ተራውን በመጀመሪያው ቀን በዕጣ ለዩ፤ አንደኛው ዕጣ ለልጄ ደረሰ። በ600 ብሩ ኳስ ገዛ፤ የቀረውንም በላበት።

በሦስተኛው ሳምንት ቅዳሜ ማታ መጣና "አባዬ፣ ነገ ዕቁብ ነው፤ የኪስ ገንዘቤ አልቋል፤ 100 ብር ስጠኝ" አለኝ። ተረኛው እናቱ ጉሊት የሚሸጡ ልጅ ነው፤ ብሩን የሚጠብቀው ለጫማ ነው።

ባለቤቴ "ስጠውና ይገላገል፤ የእኛ ልጅ ይማር ተብሎ የሰው ልጅ ጫማ ይቅር?" አለች። እውነቷን ነው። ብሰጠው ደግሞ ልጄ የሚማረው ቃል የሚገባው እሱ፣ የሚፈጽመው አባቱ መሆኑን ነው።

ስለዚህ ዋሱ ሆንኩ። መጀመሪያ ዳኛዋ ዘንድ ራሱ ሄዶ እንዲነግራት፣ ከዚያ የቻለውን እንዲፈልግ፣ የጎደለውን እኔ እንደምሞላና የእኔ ባለዕዳ እንደሚሆን ነገርኩት። በሩ ጋ ቆሞ ብዙ አመነታ፤ ግን ሄደ። ዳኛዋ እስከ እሑድ ማታ ጊዜ ሰጠችው። በማግስቱ የአንድ ጎረቤታችንን መኪና አጥቦ 60 ብር አገኘ፤ 40ውን እኔ ሞላሁ። ልጁም ብሩን ሳይጎድልበት በተራው ተቀበለ።

ልጄ ዕዳውን በሁለት ሳምንት 20፣ 20 ብር አድርጎ መለሰልኝ። ከልጅ እጅ 20 ብር መቀበል ከመስጠት ይከብዳል። "ይቅር፣ ያንተው ይሁን" ለማለት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ተቀበልኩት።

አባቶቻችን "የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ" ይሉ ነበር። ለወላጅ ጆሮ የሚከብድ ተረት ነው። እኔ ሁለቱም እንዲጠፉ አልፈልግም፤ ዋስነትም የሚጠቅመው ለዚህ ይመስለኛል። ከፋይ ከልጁ ፊት ይቀድማል፤ ልጁም ከኋላው ይደበቃል። ዋስ ግን ልጁን አስቀድሞ ከኋላ ይቆማል። ልጁ ቢወድቅ ሌላ ሰው አይጎዳም፤ ቢቆም ደግሞ የቆመው በራሱ እግር ነው።

ነገሩ የገንዘብ ብቻ አይደለም። የተዋሰውን መጽሐፍ የቀደደ፣ ከጓደኛው የተጣላ፣ እመጣለሁ ብሎ የቀረ ልጅ ሁሉ ወደ እኛ የሚመጣው እንድንከፍልለት ነው። እናንተም ዘንድ ሲመጣ፣ እጃችሁን ወደ ኪሳችሁ ከመስደዳችሁ በፊት "ለባለጉዳዩ ራስህ ነገርከው?" ብላችሁ ጠይቁት። አልነገርኩም ካለ፣ ብቻውን መሄድ ከፈራም፣ እስከ በሩ ድረስ ሸኙት። የሚያንኳኳው ግን እሱ ይሁን።