አካባቢያችንን እንወቅ፦ መተማና ጋላባት

በዛሬው ዝግጅታችን ብዙዎቻችን ስላለፍንባት የድንበር መንደር እናወጋለን። ልጆቻችን መተማ ሲባል ትዝ የሚላቸው ኬላውና ወረፋው ብቻ ነው። ቦታው ግን የቆየ ታሪክ አለው። (ዓመቶቹ በሙሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።)

መተማንና ጋላባትን የሚለያቸው ሱዳኖች «ኾር» የሚሉት ትንሽ ወንዝ ነው። ከዚያ እስከ ገዳሪፍ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ድሮ ቦታውን የያዙት ከዳርፉርና ከዚያም ማዶ የመጡ ተክሩሮች ነበሩ። እነሱም እንደኛው ከሩቅ የመጡ ናቸው ማለት ነው። ግብር የሚከፍሉት ለኢትዮጵያም ለግብፅም ነበር። በገበያቸው ቡና፣ ሰምና ጥጥ ይሸጥ ነበር፤ የሚያሳዝነው ሰውም በባርነት ይሸጥ ነበር።

መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ 4ኛ ከደርቡሾች ጋር እዚያው ሲዋጉ ቆሰሉ፤ በማግስቱም አረፉ። በኢትዮጵያ በኩል ያለችው ከተማ መተማ ዮሐንስ የተባለችው በእሳቸው ስም ነው።

ልጆች ይህን ሲማሩ «ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው?» ይሉናል። በ1879 የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ጦር መተማን አቃጠለ። በ1880 ደግሞ ደርቡሾች ገብተው ጎንደርን አቃጠሉ። በሁለቱም በኩል ቤቱ የነደደው ድሃው ነው።

በጋላባት በኩል ምሽግም ነበር። በ1932 ጣሊያን ያዘው። ጥቅምት 27 ቀን 1933 የእንግሊዝና የሕንድ ወታደሮች ቢያስለቅቁትም፣ የአውሮፕላን ድብደባው ስለበረታባቸው ትተውት አፈገፈጉ። መተማንም ሊይዙ አልቻሉም።

የስደቱም ነገር እንዲሁ ወዲህና ወዲያ ነው። በ1977ቱ ድርቅ ብዙ ሺህ ወገኖቻችን ወደ ምሥራቅ ሱዳን ተሰደዱ፤ በ2013ም እንዲሁ። በሚያዝያ 2015 ካርቱም ላይ ጦርነት ሲነሳ ደግሞ ሱዳናውያን ራሳቸው ከነልጆቻቸው በጋላባት በኩል ወደ መተማ ተሻገሩ። ያስጠለለን ሕዝብ በተራው መጠለያ ፈለገ።

ወላጆች ሆይ፣ ልጆቻችን ውሃ ቦንባው ጋ ከመንደሩ ልጆች ጋር ሲጣሉ የድሮውን ጦርነት እያነሱ ሲሰዳደቡ ዝም አንበል። ታሪኩን አንደብቃቸው፤ ግማሹን ብቻም አንንገራቸው። አንድ ማታ ቡና ሲፈላ ቁጭ አድርገን ከተክሩሮቹ እስከ 2015 ያለውን እናውጋቸው። አያቶችም ያዩትን ይጨምሩበት።